«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ሲጻፍ

ለሥራ ማመልከቻ የተጻፉ የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎችን ሳርም ደጋግሜ የማገኘው ስሕተት የመጨረሻው መስመር ላይ ነው፦ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ»። ትክክለኛው «ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ነው። እዚህ ላይ «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነ ከኋላው ስም ወይም «አይኤንጂ» የተጨመረበት ግስ ይፈልጋል። ከተጠራጠራችሁ በግሱ ቦታ ስም ተክታችሁ ሞክሩት። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ኢንተርቪው» ያስኬዳል አይደል? እንግዲያው ግስ ሲመጣም «አይኤንጂ» የግድ ነው።

ትርጉሙ በጉጉት መጠበቅ ነው፤ ታክሲ ለመጠበቅማ «ዌይት ፎር» ይበቃል። ለጓደኛ ስትጽፉ «አይም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሲይንግ ዩ» ማለት ይቀላል። ለቀጣሪ ግን «አይ ሉክ ፎርዋርድ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ቁጥብና መደበኛ ነው።