መዥገር ለነከሰው እግረኛ መንገደኛ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ደንገጎ ዳገት በእግሩ የሚወጣ፣ ግመልና ከብት እየነዳም ወደ ገበያ የሚመጣ ሰው ሁሉ መዥገርን ያውቃል። በሽታ ማስተላለፉን ግን ብዙዎች አይገነዘቡም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ደኖች በእግር የሚጓዙ ሰዎች «ላይም» የሚባለው በሽታ ከመዥገር ይይዛቸዋል። የበሽታውን ተሕዋስ ዊሊ በርግዶርፈርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ለዓለም አስታወቁ። በአገራችን መዥገሮች ላይ የተገኘውና እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን «ሪኬትሲያ አፍሪኬ» የተባለው ሌላ ተሕዋስ ነው። ይህ ተሕዋስ ከንክሻው በኋላ በሳምንት ገደማ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ያመጣል፤ በተነከሰውም ቦታ ብዙ ጊዜ ጥቁር ቅርፊት ይታያል።

በ2014 ዓ.ም. በከተማችን የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ስለነበር፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ሕመሙን ወባ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት ሲሰማው ደሙን ለወባ ያስመርምር፤ መዥገር የነከሰው እንደሆነም ሳይጠየቅ ለሐኪሙ ይንገር፤ ቅርፊቱንም ያሳይ። ሐኪሙ በሽታውን ከለየ ዶክሲሳይክሊን በማዘዝ ሊያድነው ይችላል።

መዥገር ተጣብቆ ቢገኝ በእሳት መተኮስ፣ ላምባም ሆነ ቅቤ መቀባት አይገባም። በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ፣ ሳያጣምሙ ቀጥ አድርጎ በዝግታ መሳብ፣ ከዚያም ቦታውን በሳሙናና በውኃ ማጠብ ይበቃል። መንገደኛ ሁሉ ረጅም ሱሪ እንዲለብስ፣ ማታም ብብቱን፣ ብሽሽቱንና የጉልበቱን መታጠፊያ እንዲመለከት አጥብቀን እንመክራለን። የልጆችን ገላ ወላጆች ይመልከቱ።