ጅብ ከሄደ የማይጮህ ውሻ፦ የክትትል ኤጀንት እንዴት ይጫናል?

በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ የኮምፒውተር ጉዳይ አጫውታችኋለሁ። «የጋዜጠኝነት ተማሪ ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም አምና ይህንኑ ነበር የምለው። ነገሩ እንዲህ ነው።

አምና አንደኛ ዓመት ሳለሁ ለሬድዮ ኮርስ የድምፅ ዘገባ እንድንሠራ ታዘዝን። እኔ የወረታ ልጅ ነኝና የመረጥኩት ርዕስ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራ ሜዳ ላይ የደረሰውን ጎርፍ ነበር። አገር ቤት ሄጄ አያቴን ለአንድ ሰዓት ያህል ቀረጽኳቸው። ውሃው በሌሊት እንደመጣ፣ ከብቱን ከፍ ወዳለው ቦታ ለማውጣት እንዴት እንደተሯሯጡ፣ በማግስቱ ሰው በታንኳ ሲመላለስ እንደዋለ አንድ በአንድ ነገሩኝ። አያቴ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ያን ያህል ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ተመልሼ ቅጂውን በትምህርት ክፍላችን ቤተ ሙከራ ጥግ ላይ ወደተቀመጠው የፋይል ማከማቻ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ሲገለበጥ አንድ መልእክት ብቅ አለ። ሳላነበው «ኦኬ» ብዬ አለፍኩ። ከዚያም መቅረጫው ለሌላ ቡድን ስለሚፈለግ አጽድቼ አስረከብኩ። በሳምንቱ ፋይሉን ልከፍት ስል መጠኑ 0 ባይት! ለካስ ዲስኩ ከሞላ ቀናት አልፈውታል። ከሞላውም ውስጥ ትልቁ ድርሻ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ ፊልም ነበር። የሦስት ሌሎች ተማሪዎች ሥራም እንደኔው ቀልጦ ቀረ።

ለፋሲካ አገር ቤት ስሄድ እያፈርኩ ለአያቴ ነገርኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ለወንዙ እንኳ ጠባቂ አለው። ለናንተ ዕቃ ጠባቂ የለውም?»

የወንዙ ጠባቂ

አያቴ ያሉት ቀልድ አይደለም። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ የሚገቡ ወንዞች ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ መጀመሪያ ጉማራን፣ ወረታን ካለፋችሁ በኋላ ደግሞ ርብን በድልድይ ትሻገራላችሁ። በእነዚህ ወንዞች ላይ በቁጥር የተከፋፈለ የውሃ ከፍታ መለኪያ ይተከላል። የአካባቢው ነዋሪ የሆነ አንባቢ ጠዋትና ማታ እየሄደ ከፍታውን በመዝገብ ያሰፍራል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሜዳው ዝርግ ነው፤ ዝናቡ ግን ከላይ ነው የሚዘንበው። ወረታ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደብረ ታቦርና ጉና ላይ የወረደው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ወንዙን ሞልቶ ወደ ሩዝ ማሳው ይገባል። ስለዚህ «ዛሬ አልዘነበም» ብሎ መተኛት አያዋጣም። የቁጥሩን አካሄድ ማየት ግድ ይላል።

ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ዲስክ በአንድ ሌሊት አይሞላም። 60 በመቶ ይሆናል፤ 75 ይሆናል፤ 90 ይደርሳል። ሁሉ ነገር ሰላም ይመስላል። 100 ሲገባ ነው ጉዱ የሚታየው። ያን ጊዜ መሯሯጥ እንግዲህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ኤጀንት ማለት ምንድን ነው?

የክትትል ኤጀንት በሚጠበቀው ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ ከበስተጀርባ ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ፣ ሚሞሪው፣ ፕሮሰሰሩና የኔትወርኩ ፍሰት እንዴት እንደሆነ ይለካል። እርሱ ራሱ አይፈርድም፤ እንደ ወንዙ አንባቢ ቁጥር ብቻ ያቀብላል። ቁጥሩን ተቀብሎ የሚያከማቸውና ከልክ ሲያልፍ የሚያስጠነቅቀው ሌላ ቦታ ያለ ሰርቨር ነው።

ሁለቱ በሁለት መንገድ ይገናኛሉ። አንደኛው ሰርቨሩ እየደወለ «አሁን ስንት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅበት ነው፤ ይህ ፓሲቭ ይባላል። ሁለተኛው ኤጀንቱ የሚለካውን ዝርዝር ከሰርቨሩ ተቀብሎ በየጊዜው ራሱ የሚልክበት ነው፤ ይህ ደግሞ አክቲቭ ይባላል።

ለዚህ ሥራ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ። እኛ የተጠቀምነው ዛቢክስን ነው። አሌክሴይ ቭላዲሼቭ የጀመረው ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ ይፋ ሆነ፤ ኩባንያውም በ2005 በላትቪያ ከተማ በሪጋ ተመሠረተ። ምንጭ ኮዱ ክፍት፣ አጠቃቀሙም በነፃ ስለሆነ የኛን አቅም አይፈታተንም። ሌላው ጥቅሙ በግቢው ውስጣዊ ኔትወርክ ብቻ መሥራቱ ነው። አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋም ክትትሉ አይቋረጥም።

ወደ ሥራው እንግባ

የቤተ ሙከራው ቴክኒሺያን በሌላ ኮምፒውተር ላይ የዛቢክስ ሰርቨር አስቀድመው ተክለው ኖሯል። የኛ ማከማቻ ግን አልተካተተም ነበር። ሄጄ ስለምናቸው «ራስህ ጫነው፤ እኔ አጠገብህ እሆናለሁ» አሉኝ። ማሽኑ የሚሠራው በኡቡንቱ ሊነክስ ነው። መስኮትና ማውዝ የለም፤ ያለው ጥቁር ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ቢሆንም እዚህ እንደሚነበቡ አስፍሬያቸዋለሁ።

1ኛ. መጀመሪያ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ማደስ ነው፦ ሱዶ አፕት አፕዴት። «ሱዶ» ማለት ትእዛዙ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይፈጸም ማለት ነው። ስለዚህ ከእርሱ በኋላ የምትጽፉትን ሁለት ጊዜ አንብቡ።

2ኛ. ቀጥሎ መጫን፦ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ዛቢክስ-ኤጀንት። እዚህ ላይ የኤጀንቱ ስሪት ከሰርቨሩ ስሪት የበለጠ አዲስ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ቆየት ያለ ኤጀንት ከአዲስ ሰርቨር ጋር ይግባባል፤ የተገላቢጦሹ ግን አይደገፍም።

3ኛ. ማዋቀር። ዋናው ሥራ ይህ ነው። የቅንብር ፋይሉ ኢቲሲ በሚባለው ማኅደር ውስጥ፣ ዛቢክስ በሚለው ሥር ይገኛል፤ ስሙም ዛቢክስ_ኤጀንትዲ.ኮንፍ ነው። ከመንካታችሁ በፊት ሲፒ በሚለው ትእዛዝ ቅጂ አስቀሩ። ከዚያ ናኖ በሚባለው መጻፊያ ክፈቱት። ፋይሉ ረጅም ነው፤ ግን አትደንግጡ። አብዛኛው መስመር በ# ምልክት ስለሚጀምር ማብራሪያ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ለመነሻ የሚያስፈልጉን ሦስት መስመሮች ናቸው፦

ሰርቨር=192.168.1.10
ሰርቨርአክቲቭ=192.168.1.10
ሆስትኔም=ማከማቻ-1

የመጀመሪያው «ሊጠይቀኝ የሚፈቀድለት ማን ነው?» ለሚለው መልስ ነው። ሁለተኛው «ቁጥሬን ለማን ልላክ?» የሚለውን ይመልሳል። ሦስተኛው የኤጀንቱ ስም ነው። አድራሻው እንደየቦታው ይለያያል፤ የናንተን አስገቡ። ስሙም በላቲን ፊደል ይጻፋል።

4ኛ. አገልግሎቱን እንደገና ማስነሣት፦ ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ዛቢክስ-ኤጀንት። ከዚያም «ሪስታርት» ባለው ቦታ «ኢኔብል» ብላችሁ ድገሙት። ይህችን እንዳትረሱ! መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤጀንቱ ሰው ሳይጠብቅ በራሱ የሚነሣው በእርሷ ነው። መብራት በሚመላለስበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

5ኛ. ፋየርዎል ካለ በር 10050 መከፈት አለበት፤ ሰርቨሩ የሚጠይቀው በዚያ ነው። በሩን ለሁሉ ሳይሆን ለሰርቨሩ አድራሻ ብቻ ክፈቱ። ለአክቲቩ መንገድ ደግሞ ኤጀንቱ የሰርቨሩን በር 10051 ያንኳኳል።

6ኛ. በመጨረሻ ከሰርቨሩ በኩል መፈተን ነው። ዛቢክስ_ጌት በሚባል ትእዛዝ የማሽኑን አድራሻ ሰጥታችሁ ኤጀንት.ፒንግ ብላችሁ ስትጠይቁ 1 ከመለሰ ኤጀንቱ «አለሁ» ብሏችኋል።

እኔን ያልቻለኝ

እኔ ስጠይቀው አላለኝም። ስታተስ ብዬ ሳይ «አክቲቭ፣ ራኒንግ» ይላል፤ ሰርቨሩ ግን አላየውም። ፋየርዎሉን ወቀስኩ፤ ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ። አንድ ሰዓት ያህል ከባከንኩ በኋላ ቴክኒሺያኑ ፈገግ ብለው «ሎጉን አንብበኸዋል?» አሉኝ። አላነበብኩም ነበር። ስከፍተው ከ192.168.1.10 የመጣ ግንኙነት እንዳልተቀበለና የተፈቀደለት 127.0.0.1 ብቻ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። 127.0.0.1 ማለት «ራሴ» ማለት ነው። የመጀመሪያውን መስመር አስተካክዬ ሳላስቀምጠው ወጥቼ ኖሮ ኤጀንቱ ከራሱ በቀር ለማንም አልመልስም ብሏል።

እርሱን አስተካክዬ ፒንጉ 1 ሲል ደስ አለኝ። በአክቲቩ መንገድ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። በሎጉ ላይ ይህ ስም ያለው ማሽን ሰርቨሩ ጋ አልተገኘም ይላል። ለካስ ሰርቨሩ ላይ ስሙ በትልቁ ፊደል ተመዝግቧል፤ እኔ በትንሹ ጽፌአለሁ። ለእኛ አንድ ነው፤ ለእርሱ ሁለት ሰው ነው።

ሁለቱም ስሕተቶች መልሳቸው ተጽፎ ነበር። ችግሩ እኔ አለማንበቤ ነው፤ እንደዚያች «ኦኬ» ብዬ እንዳለፍኳት መልእክት ማለት ነው። አንብቡ እየተባልን የምንማር ሰዎች ማሽን ሲናገር ለምን እንደማናነብ አላውቅም።

ማስጠንቀቂያውና ዝምታው

ኤጀንቱ ከተገናኘ በኋላ በሰርቨሩ ገጽ ላይ ማሽኑን መዝግበን ለሊነክስ የተዘጋጀውን ቴምፕሌት አያያዝንለት። ዲስኩ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲያስጠነቅቅ፣ 90 ሲደርስ በብርቱ እንዲጮህ አደረግን። ልኩን በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት በየቀኑ ይጮህና ሰው ይሰለቸዋል። በጣም ከፍ ካለም ለመንቀሳቀስ ጊዜ አይሰጥም።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ ቢጠፋስ? ኤጀንቱም አብሮት ይጠፋል፤ መጮህ አይችልም። ስለዚህ ሰርቨሩ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቁጥር ካልደረሰው ዝምታውን ራሱን እንደ ማስጠንቀቂያ እንዲቆጥር ማድረግ ያስፈልጋል። የወንዙ አንባቢ በክረምት ወሬው ከጠፋ «ሰላም ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋዜጠኛ ምንጩን መጠበቅ አለበትና «ይህ ፕሮግራም ፋይላችንን ያነባል ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። በተለመደው አሠራር የሚልከው የመለኪያ ቁጥር ነው፤ ከሩቅ ትእዛዝ መቀበሉም በመነሻ ቅንብሩ ዝግ ነው። ቢሆንም ቅንብሩን መቀየር የሚችል ሰው ሌላም ሊያስደርገው ይችላል። በሁለቱ መካከል የሚሄደው መረጃም ካልተዋቀረ በቀር አይመሰጠርም። ስለዚህ ማን እንደሚያስተዳድረው ማወቅ የኛም ፋንታ ነው።

አያቴን እንደገና ቀርጫቸዋለሁ። የአሁኑ ቅጂ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ያህል አላወሩም፤ ከብቶቹን በስም የጠሩበት ቦታም የለም። «ያን ነግሬሃለሁ» ብለው አለፉት። ይህንኑ 20 ደቂቃ በሁለት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ምክንያቱም ኤጀንት ዲስኩ ሊሞላ መሆኑን ይናገራል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

ትናንት ወደ ቤተ ሙከራው ጎራ ስል ቁጥሩ 71 በመቶ ነበር። ፊልም ያስቀመጣችሁ ወገኖች፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እባካችሁ አንሡልን። ቸር እንሰንብት!