የብረት ቫልቭ ይዞ ወደ ስማዳ መመለስ

ልጅቷ የደቡብ ጎንደሯ የስማዳ ልጅ ናት። የልብ ቫልቯ ተበላሽቶ፣ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ እያጠራት ተቀምጣ ስታነጋ አይተው የተነሡላት በጎረቤት የሚኖሩ የሚሲዮን ባልና ሚስት ናቸው። የሕክምና ቦርድ ማስረጃ አስወጡ፣ ፓስፖርትና ቪዛ ጨረሱ፣ ከአገራቸው ምእመናን ገንዘብ ለምነው ውጭ አሳከሟት። የብረት ቫልቭ ተተክሎላት ስትመለስ ሰፈሩ በእልልታ ተቀበላት። ባልና ሚስቱም የአገልግሎት ዘመናቸው አልቆ ወደ አገራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ደብረ ታቦር የደረሰችው ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆኖ፣ አንደበቷ ተሳስሮ ነው። ደም እንዳይረጋ የምትወስደውን ዋርፋሪን ካቋረጠች ሰንብታለች። ውጭ ሄዳ ከዳነች ወዲያ መድኃኒት ምን ያደርግላታል ተብሎ ነው የቀረው።

የልብ ሕሙማንን ለሚከታተል ሐኪም ከዚህ የበለጠ የሚያንገበግብ ነገር የለም። «ውጭ ቢሄድ ይድናል» የሚለው እምነት ከጋይንት እስከ እስቴ ሥር ሰዷል። ሞንታርቦ የጫነ መኪና አደባባይ ቆሞ፣ የታማሚው ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር በባነር ተሰቅሎ ሲለመን የሚጠራው ወጪ የቀዶ ሕክምናውና የአውሮፕላኑ ነው። ታማሚው ከተመለሰ በኋላ ላለው ዕድሜ ገንዘብ ሲጠየቅ አይሰማም። ውጭ የሄደ ዳነ ብሎ የሚያምነው ገበሬው ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ ረጂዎቹም፣ አንዳንድ ባለሙያዎችም ያምኑታል።

በብረት ቫልቭ ላይ ደም ይረጋል። እንዳይረጋ ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፤ መጠኑም አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ይስተካከላል። ለማይትራል ቫልቭ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ መዋል አለበት። ሲያንስ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊሄድ፣ ሲበዛ ታማሚው ሊደማ ይችላል። በክረምት ጎተራው ሲራቆት ጠዋት ማታ የሚበላው ጎመን የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል፤ ለራስ ምታት ከሱቅ የሚገዛ አስፕሪን ደግሞ መድማቱን ያባብሳል። ምርመራው ጤና ጣቢያ ላይ አይገኝም። ከስማዳዋ ወገዳ ተነሥቶ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ለመድረስ የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ወጪ አለ፤ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የጋይንቷ ነፋስ መውጫ በሰሜኑ ጦርነት ስትያዝ ሆስፒታሏ ተዘርፎ ነበር። በየዕለቱ መድኃኒት፣ በየጊዜው ምርመራ ለሚያስፈልገው ሰው እንዲህ ያለ ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ ይብሳል። ዋርፋሪን በተለይ በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ካቋረጡት ደግሞ ቫልቩ ሊዘጋና እናቲቱ ልትሞት ትችላለች። ልጃገረድ በአፍላ ዕድሜዋ በምትዳርበት አገር ይህ ለልጅቷም፣ ለወላጆቿም፣ ለሚያጫት ቤተሰብም ሳይነገር ብረት ይዛ እንድትመለስ ማድረግ ግማሽ እርዳታ ነው። ቫልቩን ሳይቀይሩ መጠገን፣ የጠበበውንም በደም ሥር በሚገባ ፊኛ ማስፋት የሚቻልባቸው ሕሙማን አሉ። ይህ ጥያቄ መነሣት ያለበት ቪዛ ከመለመኑ በፊት ነው።

መርፌውም አለ። በሩማቲክ የልብ ሕመም የተያዘ ሰው ቫልቩ ቢቀየርለት እንኳ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት አለበት፤ ጉዳቱ ብርቱ ከሆነ እስከ 40 ዓመቱ፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልኩን። ብዙ ባለሙያ አለርጂውን ፈርቶ ታማሚውን ይመልሳል። ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሰው ሞቶ ያየ ባለሙያ አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳሰበው ግን ልባቸው ክፉኛ በተጎዳ ሕሙማን ላይ ከመርፌው በኋላ ከደረሱት ሞቶች ብዙዎቹ ከአለርጂ ይልቅ ከልቡ ድካም ጋር የሚያያዙ ይመስላሉ። እንዲህ ላሉት የሚዋጥ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ሌላውን ከደጅ መመለስ ግን ሕመሙ እንዲያገረሽበት መፍቀድ ነው።

የሩማቲክ ሕመሙ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ሕፃኑ ጉሮሮውን ሲታመም እንጥሉ ይቆረጣል፤ ሕመሙን ያመጣው ባክቴሪያ ግን እዚያው ነው። ያን ቀን አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ቢያገኝ የኋላው ሁሉ ሊቀር ይችል ነበር። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ሩማቲክ የልብ ሕመም ውሳኔ ያሳለፈው በመከላከል ሊጠፋ እየቻለ ድሆችን ስለሚገድል ነው።

ታማሚን ውጭ ልኮ ከተመለሰ በኋላም አለመተው እንደሚቻል ያሳዩ አሉ። ዶክተር ሪክ ሆድስ ሚሲዮናዊ አይደሉም፤ አጥባቂ አይሁዳዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 በረሃቡ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ኋላም አዲስ አበባ ተቀምጠው በማዘር ቴሬዛ መነኮሳት ቤት ድሆችን ሲያክሙ ኖረዋል። ጀርባቸው በአከርካሪ ቲቢ የጎበጠ ልጆችን አሜሪካ ለማሳከም በራሳቸው የጤና መድን እንዲሸፈኑ ብለው በማደጎ ልጅነት ወሰዷቸው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ደግሞ የጋና ተወላጅ በሆኑት የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ በኩል ብዙ ሕሙማንን ወደ አክራ ልከዋል። ሰው የሚያወራው ስለ ጉዞው ነው። ትልቁ ሥራ ግን ቤታቸው ነው። ብዙ ልጆች ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም በሆድስ ቤት በሉ፣ ከዚያው ቤት ትምህርት ቤት ሄዱ።

ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሐምሊኖች ከዚህም ርቀው ሄደዋል። አውስትራሊያዊቷ ካትሪንና ኒውዚላንዳዊው ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው የመጡት ለሦስት ዓመት ሥራ ነበር። ሽንት የሚያመልጣቸውን ሴቶች ውጭ ከመላክ ይልቅ እዚሁ ማከም ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን መሠረቱ። የባሕር ዳሩ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት የጋይንትና የእስቴ ሴት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ቀረላት። ከዚያም ካትሪን በሽታው ከሥሩ እንዲደርቅ ብለው አዋላጆች የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 በ96 ዓመታቸው ያረፉት አዲስ አበባ ነው። በልብ ሕክምናም ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሩት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ለዓመታት ልጆችን ውጭ ሲልክ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማእከል አስከፍቷል። ወረፋው ዛሬም በሺዎች ይቆጠራል፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው።

ስለዚህ ለልብ ሕመምተኛ አዋጡ የተባለ ሰው፣ በተለይም ጎረቤቱን ለማሳከም የተነሣ ቤተሰብ፣ ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት ይጠይቅ። ታማሚዋ ስትመለስ የደም ምርመራዋ የት ይደረጋል? ዋርፋሪኑን ማን ይገዛል? በአካባቢዋ ጤና ጣቢያ መርፌዋን የሚከታተል ባለሙያ ማን ነው? ስታገባና ስታረግዝ ማን ያማክራታል? መልስ ከሌለ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ የዚያ ድርሻ ይቀመጥ፤ ደብረ ታቦር ያለው ሐኪምም ከመሄዷ በፊት እንጂ ስትወድቅ አይጠራ።