ብዙ ድምፅ ለአንድ ጆሮ

በባሕረ ሰላጤው አገራት በሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ በጥበቃ መቆጣጠሪያ ክፍል ወይም በመጋዘን የሚሠራ ሰው ጆሮው ዕረፍት የለውም። የኮምፒውተሩ ስብሰባ በአንድ ወገን፣ የእጅ ስልኩ በሌላ ወገን፣ የመገናኛ ሬዲዮው ደግሞ በሦስተኛ ይጣሩበታል። አንዱን ማዳመጫ አውልቆ ሌላውን ማጥለቅ ስለሚያሰለች ሁሉን በአንድ የጆሮ ማዳመጫ ለመስማት ቢፈልግ አያስገርምም።

ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚሞከረው ከገበያ በርካሽ የሚገኘው ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ገመድ ነው። ይህ ገመድ የተሠራው ግን የአንድን መሣሪያ ድምፅ ለሁለት ማዳመጫ ለማካፈል እንጂ ሁለት መሣሪያዎችን ለማጣመር አይደለም። ተገልብጦ ሲሰካ የአንዱ መሣሪያ ኃይል ወደ ሌላው መሣሪያ መውጫ ይገባል፤ ድምፁ ይዳከማል፣ ይበላሻል፣ መሣሪያውም ሊጎዳ ይችላል። ከሁለት መሣሪያ ጋር የሚገናኝ የብሉቱዝ ማዳመጫም ገዢውን ሊያሳስት ይችላል፤ በአብዛኛው ድምፆቹን አይቀላቅልም፣ ስልክ ሲጠራ የኮምፒውተሩን ድምፅ ያቋርጣል እንጂ። ጥሪ እንዳያመልጠው ብቻ ለሚሻ ሰው ግን ይህ ይበቃዋል።

ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ መቆጣጠሪያ ያለው አነስተኛ ሚክሰር የተሻለው መፍትሔ ነው። ሬዲዮውን ከፍ፣ ስብሰባውን ዝቅ ማድረግ የሚቻለው በእርሱ ነው። ከ2020 ወዲህ የወጡ የዊንዶውስ ዓይነቶች የስልክን ድምፅ በብሉቱዝ ተቀብለው ከኮምፒውተሩ ድምፅ ጋር ማሰማት ይችላሉ፤ ኮምፒውተሩ የድርጅቱ ንብረት ከሆነ ግን አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሲሟላ ዋናው ችግር ገና ይጀምራል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኮሊን ቼሪ በ1953 ባሳተመው ጥናት ሰዎች በአንድ ጆሮ የሚሰሙትን ቃል በቃል እንዲደግሙ ሲያደርግ፣ በሌላው ጆሮ የተነገረውን መናገር አቃታቸው። የወንድ ድምፅ በሴት ድምፅ መተካቱን ለይተዋል፤ ንግግሩ ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ መለወጡን ግን አላስተዋሉም። ስብሰባውን በቀኝ፣ ሬዲዮውን በግራ ጆሮ የሚያደርግ ዘበኛ ሁለቱንም የሚከታተል ይመስለዋል፤ የአደጋ ጥሪው የሚያመልጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ጆሮም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 80 ዴሲቤል ድምፅን በሳምንት ለ40 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። እኩል የሚጮሁ ሁለት ድምፆች ሲደመሩ ደግሞ ጭማሪው 3 ዴሲቤል ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ምንጭ የጨመረ ሰው የመጀመሪያውን ድምፅ ካልቀነሰ 40ው ሰዓት 20 ይሆንበታል።

ለሙስሊም ሠራተኛ ሌላም ጥያቄ አለ። ቁርኣን ሲቀራ በጸጥታ እንዲደመጥ የሚያዝዘው የሱረቱል አዕራፍ 204ኛ አንቀጽ እያለ፣ ቲላዋን ከደንበኛ ጥሪ ሥር እንደ ማጀቢያ ማስኬድ ለአደቡም ለሥራውም አይመችም፤ ለዕረፍት ሰዓት ማቆየቱ ይሻላል። የአዛን ማስታወሻ ግን አጭር በመሆኑ ከሌሎቹ ጋር ሊገባ ይችላል፤ ስልኩ በኪስ እንዲንቀጠቀጥ ማድረግም ያው ነው። ፎርክሊፍት በሚመላለስበት መጋዘን የሚሠራ ሰው ደግሞ፣ የቦታው ደንብ ማዳመጫ ቢፈቅድለት እንኳ፣ አንድ ጆሮውን ባዶ ይተው።