ክራራችሁን በምን ነው የምታነግቱት?

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም የምናወራው። ስለ ክራር ማንገቻ ነው። "ዶክተር ደግሞ ምን ነካው" እንዳትሉኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በኢንቦክስ የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ "ዶክተር፣ ማታ ማታ የባህል ምግብ ቤት ቆሜ ክራር እጫወታለሁ። ግራ ትከሻዬን ያቃጥለኛል። ጠዋት ስነሳ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ። ምን ቅባት ልግዛ? እንዲህ ከቀጠለ ስራውን ልተወው ነው።"

ቅባቱን ትቼ የክራሩን ፎቶ ላክልኝ አልኩት። ላከ። ክራሩ ያምራል፣ በዛጎል ሁሉ አጊጧል። ማንገቻው ግን ሲባጎ ነው! አዎ፣ ዕቃ የሚታሰርበት ሲባጎ፣ ከላይ ቀንበሩ ላይ ከታች ገበቴው ላይ ተቋጥሮ በግራ ትከሻው አንገቱ ስር የሚያልፍ። በአንድ ምሽት ሦስት ሰዓት ያህል እንደዚያ ይቆማል።

እዚህ ጋ ትንሽ የሰውነት ትምህርት ያስፈልገናል። ከአንገታችን አጥንቶች መሀል ወጥተው ወደ እጃችን የሚወርዱ ነርቮች አሉ። እነዚህ ነርቮች ከዋናው የእጅ የደም ስር ጋር ሆነው ከአንገት ስር አግድም በሚታየው አጥንት እና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ። ትከሻ ለረጅም ሰዓት ወደ ታች ሲጎተት መተላለፊያዋ ይበልጥ ትጠባለች። ነርቮቹ ሲጨነቁ ደግሞ ምልክቱ የሚወጣው ትከሻ ላይ ብቻ ሳይሆን እዚያ ታች ጣት ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። ስለዚህ ጣት ላይ ቅባት ብትቀቡ ምን ዋጋ አለው?

"ክራር እኮ ቀላል ነው" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ቀላል ነው። ግን ክብደት ብቻውን አይደለም የሚጎዳው፣ ክብደቱ ያረፈበት ቦታ ስፋትም ነው። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲባጎና 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍር ያንኑ ክራር ቢሸከሙ፣ በሰፊው ስር ያለው ቆዳና ጡንቻ የሚደርስበት ጫና ወደ አንድ አስረኛ ይወርዳል። እናቶቻችን ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቁታል። አንቀልባን እዩት። ልጅ በገመድ አይታዘልም፣ በሰፊ ቆዳ ነው የሚታዘለው።

በነገራችን ላይ ክራር በባህሉ በአብዛኛው ተቀምጠው የሚጫወቱት መሳሪያ ነው። እነ ካሳ ተሰማ፣ እነ አስናቀች ወርቁ በክራር ያንቆረቆሩልን ዘመን መሳሪያው ጭን ላይ ያርፍ ነበር፣ ሸክሙን የሚይዘው ጭንና ወንበር ነው። ዛሬ መድረኩ ተቀየረ። ድምፅ ማጉያ ገባ፣ ሳጥን ክራርና ቤዝ ክራር መጣ፣ ተጫዋቹም ቆሞ ይወዛወዛል። መሳሪያው ሲቆም ማንገቻው አብሮ አልታሰበበትም። የጊታር ተጫዋች ሱቅ ገብቶ ማንገቻ መርጦ ይገዛል፣ የክራር ተጫዋች ግን ያገኘውን ይቋጥራል።

ሌላው ጉዳይ ግራ እጅ ነው። የክራር ግራ እጅ ከክሮቹ በስተጀርባ ሆኖ የማይፈለገውን ክር በጣት እያፈነ ሌላውን ይለቃል። ረቂቅ ስራ ነው። ማንገቻው ላላ ካለ ግን ያው እጅ መሳሪያውን መደገፍም ይጀምራል፤ አንጓ ይታጠፋል፣ ክንድ ይገተራል፣ አውራ ጣት እንጨቱን ጨምድዶ ይይዛል። በዚህ ላይ የሰዓታት ልምምድ ሲጨመር ጅማት ቢቆጣ አይግረማችሁ።

ስለዚህ የጥሩ ማንገቻ ፈተና ቀላል ነው። ክራሩን አንግቱና ሁለቱንም እጃችሁን ልቀቁ። ክራሩ ካልወደቀ፣ ካልዞረ፣ ካልተንጋደደ ማንገቻው ስራውን እየሰራ ነው። ከተንጋደደ የቀረውን ስራ የሚሰራው የእናንተ ግራ እጅ ነው ማለት ነው።

ከምን ይሰራ? ወድ ነገር አያስፈልግም። የጊታር ማንገቻ ካገኛችሁ ስፋቱ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ማሳጠር ብቻ ይበቃል። ከአሮጌ የላፕቶፕ ቦርሳ ላይ የተፈታ፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው ማንገቻም ይሆናል። ምናለሽ ተራ ብቅ ካላችሁ አሮጌ የመኪና ቀበቶ አይጠፋም፤ ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም። ጠርዙ አንገት ይፈገፍጋልና ትከሻ የሚያርፍበትን ቦታ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ለስላሳ ቆዳ አስለብጡት። ሰፊ መቀነት ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፎ መስፋትም ይቻላል። እንደውም ለባህል ልብስ እሱ ያምራል። የሚለጠጥ ላስቲክ ግን አልመክርም፤ ክራሩ በእያንዳንዱ ምት ሲዘል ትከሻችሁ አብሮ ይዘላል።

የት ይታሰር? ቀንበሩ ላይ አትሰሩት። ክሮቹ የተጠመጠሙት እዚያ ስለሆነ ማንገቻው ሲጎትት ቅኝቱን ይረብሻል። ከቀንበሩ ዝቅ ብሎ በቋሚው እንጨት ላይ አንዱን ጫፍ፣ ሌላውን ጫፍ ደግሞ በገበቴው ግርጌ በጀርባ በኩል እሰሩ። ገበቴውን የሸፈነውን ቆዳ ቀዳዳ እንደ መስቀያ የሚጠቀም አይቻለሁ፣ እባካችሁ ቆዳው ይቀደዳል። ማንገቻው አንገት ላይ ብቻ ከሚንጠለጠል ጀርባን አቋርጦ ከክራሩ በተቃራኒ ባለው ትከሻ ላይ ቢያልፍ ይሻላል። ክብደቱን ጀርባም ይካፈላል። ርዝመቱን የምትለኩት በክርናችሁ ነው፦ ስትጫወቱ ክርን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ታጥፎ፣ አንጓ ቀጥ ብሎ፣ ጣቶቻችሁን ለማየት አገጫችሁ ደረት ላይ የማይደፋ ከሆነ ልኩ እሱ ነው። ቀን ሙሉ ስልክ ላይ የደፋነውን አንገት ማታ ደግሞ ክራር ላይ አንድፋው እንጂ!

ጠያቂያችን ክሊኒክ መጥቶ መረመርኩት። የእጁ ጉልበት ሙሉ ነው፣ ጡንቻውም አልከሳም። ሲባጎውን በሰፊ ማንገቻ ቀየረ፣ ወደ ቀኝ ትከሻም አዞረው፣ በዘፈን መሀል ቁጭ የሚልባት በርጩማም መድረኩ ጥግ አስቀመጡለት። ከወር በኋላ የጠዋቱ መደንዘዝ ቀርቷል። ትከሻው በረጅም ምሽት አሁንም ይደክመዋል፣ ስራውን ግን አልተወም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ማንገቻው በሚነካው ቦታ ቆዳችሁ የሚያሳክክና የሚቀላ ከሆነ ብረቱን ጠርጥሩ። ርካሽ ዘለበቶች ብዙ ጊዜ ኒኬል አላቸው፣ ኒኬል ደግሞ የታወቀ የቆዳ አለርጂ አምጪ ነው። ከጌጥ ጋርም የሚያሳክካችሁ ሰዎች ዘለበቱን በጨርቅ ሸፍኑት። ልጆቻችሁን ክራር የምታስተምሩ ወላጆች ደግሞ ልጁ ተቀምጦ ይጀምር፣ ማንገቻው በኋላ ይደርሳል።

ህመም በመጣ ቁጥር ፋርማሲ ሄዶ ዳይክሎፌናክ መዋጥስ? ለአንድ ሁለት ቀን በሐኪም ምክር ሊሆን ይችላል። በየምሽቱ ከስራ በፊት መዋጥ ግን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ መንስኤውም እዚያው ትከሻችሁ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀጥላል። ይልቅ በየግማሽ ሰዓቱ ክራሩን አውርዳችሁ ትከሻችሁን አሽከርክሩ።

እጃችሁ ጉልበት እያጣ ዕቃ የሚጥል ከሆነ፣ በአውራ ጣት ስር ያለው ጡንቻ እየከሳ ከሄደ፣ መደንዘዙ ማንገቻ ከቀየራችሁም በኋላ ሳምንታት ከቆየ ሐኪም ጋ ቅረቡ። እጅ በድንገት ካበጠና ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ወይም የግራ እጅ ህመሙ ከደረት መጨነቅ፣ ከትንፋሽ ማጠርና ከላብ ጋር ከመጣ ግን ክራሩን እዚያው አስቀምጣችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።