«ፎር ዊል» ሲባል የትኛው? አንድ ስም፣ ሦስት ዕቃ

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ዋጋ ከሚያንሩ ቃላት አንዱ «ፎር ዊል» የሚለው ነው። ደላላው የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዘመን ከጠራ በኋላ ይህችን ቃል ሲያክልባት፣ ገዢው ለሥራ ገጠር የሚወጣም ይሁን ከቦሌ ፒያሳ የማያልፍ፣ ድርድሩ ከፍ ካለ መነሻ ይጀምራል። የመኪናውን ቀለም፣ የወንበሩን ልብስና የጎማውን ጥርስ አገላብጦ የሚያይ ገዢ፣ ትልቁን ገንዘብ የሚከፍልበትን ከሆዱ ሥር ያለውን ዕቃ ሳያይ ብሩን ይቆጥራል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመኪናን ስም የሚያወጣው ግን ሻጭ ነው። «ፎር ዊል ድራይቭ» በሚለው ስም ሥር በተለያየ ዘመን፣ በተለያዩ ሰዎች የተፈጠሩ፣ አሠራራቸውም ሆነ የጥገና ወጪያቸው የማይገናኝ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ዕቃዎች አሉ። በከተማችን በብዛት የሚታየው ሱዙኪ ቪታራ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የመጀመሪያው ቪታራ አንደኛውን ዓይነት፣ በ2005 የወጣው ግራንድ ቪታራ ሁለተኛውን፣ በ2015 ለገበያ የቀረበው ቪታራ ደግሞ ሦስተኛውን ይዘው ተሠርተዋል። በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዱም አሉ። ስሙ አንድ ነው፤ ዕቃው ግን አንድ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዲፈረንሻል ነው

መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው መኪና አንድ ሙሉ ዙር ቢዞር፣ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው በ9 ሜትር ተኩል ገደማ ይበልጣል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ላይ ከተጣበቁ አንዳቸው መንሸራተት አለባቸው። ይህም ጎማ ይበላል፣ መሪ ያከብዳል፣ ዘንግ ይሰብራል። መፍትሔው ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ዲፈረንሻል ነው። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ ለእንፋሎት ተሽከርካሪ ሠርቶታል።

ይሁን እንጂ መፍትሔው ሌላ ዕዳ ይዞ መጣ። ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው የማዞር ጉልበት እኩል ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ገብቶ መሬቱ የሚቀበለው ጉልበት 10 ብቻ ቢሆን፣ ደረቅ መሬት ላይ ያለውም የሚደርሰው ያው 10 ነው። በክረምት አንዱ ጎማ በባዶ እየተሽከረከረ ሌላው ቆሞ የሚታየው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት የአራት ጎማ ፈጠራዎች በአብዛኛው ይህንኑ ዕዳ ለመክፈል የተሠሩ ናቸው።

የክሊንተንቪል አማቾች

አራቱንም ጎማ በሞተር የማዞር ሐሳብ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ብራማህ ዲፕሎክ እ.ኤ.አ. በ1893 ለእንፋሎት ተሽከርካሪ ፓተንት አውጥቶበታል። የኔዘርላንዱ ስፓይከርም በ1903 በቤንዚን የሚሠራ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ሠርቷል። አስቸጋሪው ነገር የፊት ጎማ በአንድ በኩል በመሪ መታጠፍ፣ በሌላ በኩል በሞተር መዞር ያለበት መሆኑ ነበር። እየታጠፈ ኃይል የሚያስተላልፍ መጋጠሚያ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በትንሿ የክሊንተንቪል ከተማ የብረት ሥራ የነበራቸው ኦቶ ዛኮውና አማቹ ዊልያም ቤሰርዲክ ለዚህ ችግር ባገኙት መፍትሔ እ.ኤ.አ. በ1908 ፓተንት አገኙ። ከእነርሱ ፈጠራ የተነሣው ኩባንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ጦር በሺህ የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎች ሸጧል። ቤሰርዲክ በበኩሉ ከኩባንያው ወጥቶ በ1917 ዛሬም በወታደራዊ ተሽከርካሪ የሚታወቀውን ኦሽኮሽን ከሌሎች ጋር አቋቋመ።

ከዚህ ታሪክ ለነጋዴው የሚተርፈው ቁም ነገር የፓተንት ዕድሜ ነው። ፓተንት በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው አገር ለ20 ዓመት ይጸናል። ጊዜው ሲያልቅ ፈጠራው የማንም ይሆናል። አሮጌው ፈጠራ ብዙ አምራች፣ ብዙ መለዋወጫና ብዙ የሚያውቀው መካኒክ ይኖረዋል። አዲሱ ግን መለዋወጫውም ዕውቀቱም በጥቂቶች እጅ ይቆያል። ለጂፕ ዓይነቱ አሮጌ መኪና የሚሆን ጥርስ ሶማሌ ተራ ሲፈለግ፣ ለአዲሱ መኪና ኮምፒዩተር ግን ወደ ውጭ የሚታዘዘው በከፊል ለዚህ ነው።

ሦስቱ ዓይነቶች

አንደኛው ሲፈለግ ብቻ የሚገባው ነው። የ1941ዱ ዊሊስ ጂፕ በዓለም ያስተዋወቀው ይህን ነው። መኪናው ዘወትር በኋላ ጎማ ይሄዳል። ሹፌሩ ሁለተኛውን ማርሽ ሲያስገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች ያለ አንዳች ዲፈረንሻል በቀጥታ ይጋጠማሉ። ከዚህም ጋር ሹፌሮች «ሪዶታ» የሚሉት ዝቅተኛ ማርሽ አለ። በብዙ መኪና ፍጥነቱን በ2 ተኩል ያህል አካፍሎ ጉልበቱን በዚያው ልክ ያበዛል። አሜሪካዊው አርተር ዋርን ደግሞ በ1948 የፊት ጎማ ሞዞ ላይ በእጅ የሚፈታና የሚታሰር መቆለፊያ ይዞ ቀረበ። የፊቱ ዘንግ በከንቱ እንዳይዞር ያደርጋል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ይህ ዓይነት ጠንካራና በየትኛውም ጋራዥ የሚጠገን ነው። ጉድለቱ በደረቅ አስፋልት ላይ መጠቀም አለመቻሉ ነው። የፊትና የኋላ ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይሄዱ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይተናነቃሉ። በዝናብ «ለጥንቃቄ» ብሎ አስገብቶ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲደርስ የዘነጋ ሹፌር የመኪናውን ዕድሜ ያሳጥራል።

ሁለተኛው ዘወትር በአራት ጎማ የሚሄደው ነው። በፊትና በኋላ መካከል ሦስተኛ ዲፈረንሻል ተጨምሮበታል። የ1970ው ሬንጅ ሮቨርና የ1977ቱ ላዳ ኒቫ በዚህ ይታወቃሉ። በአስፋልትም በጠጠርም ያለ ሥጋት ይነዳል። ሆኖም መካከለኛው ዲፈረንሻል የቀደመውን ዕዳ ወደ አራት ጎማ ስለሚያሰፋው መቆለፊያ ያስፈልገዋል። ለዚህ ሦስት መንገዶች ተገኙ። ቀላሉ ሹፌሩ ራሱ የሚቆልፈው ነው። ሌላው በወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ውስጥ የሚዞሩ ስስ የብረት ሳህኖች ያሉት መያዣ ነው። አንዱ ወገን ከሌላው ፈጥኖ ሲዞር ፈሳሹ ይዞ ያስቀረዋል። በ1979 ገበያ ላይ የዋለው የአሜሪካኑ ኤ.ኤም.ሲ. ኢግል ተጠቅሞበታል። ሦስተኛው አሜሪካዊው ቨርነን ግሊዝማን በ1958 ፓተንት ያገኘበት «ቶርሰን» ነው። በጥርሶች ቅርጽ ብቻ ጉልበቱን የተሻለ ወደሚይዘው ወገን ይልካል። አውዲ ኳትሮ በ1980 ሲወጣ መካከለኛው ዲፈረንሻል በእጅ የሚቆለፍ ነበር። ቶርሰኑ የገባበት ከዓመታት በኋላ ነው። ግሊዝማን ካገኘው እስከዚያ ድረስ ሠላሳ ዓመት ገደማ ማለፉ፣ ፈጠራና ገበያ አብረው እንደማይወለዱ ያሳያል።

ሦስተኛው ራሱ አስቦ የሚገባው ነው። መኪናው በመሠረቱ በፊት ጎማ ይነዳል። የፊቱ ሲንሸራተት ኮምፒዩተር ፍሪሲዮን መሰል ሳህኖችን አጣብቆ የተወሰነ ጉልበት ወደ ኋላ ይልካል። የስዊድኑ ሃልዴክስ በ1998 በአውዲ ቲቲና በፎልክስዋገን ጎልፍ ላይ ካዋለው ወዲህ በከተማ መኪኖች ላይ በሰፊው ተለመደ። ቀላል ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል። በአብዛኛው ግን ሪዶታ የለውም። ረዥም ጭቃ ወይም ኮረብታ ላይ አብዝተው ሲያሠሩት ይግልና ራሱን ለማዳን ይለቃል። ቶዮታ ራቭ 4 የዚህን ለውጥ መንገድ ያሳያል። በ1994 ሲወጣ መካከለኛ ዲፈረንሻል ያለው፣ ሪዶታ ግን የሌለው ነበር። በኋላ የመጡት ባለ አራት ጎማ ነጂዎች በዚህ በሦስተኛው ዘዴ ተሠርተዋል።

ሞተሩስ?

ከሥሩ ያለው ዕቃ ምንም ያህል ቢበረታ የሚያስተላልፈው ሞተሩ የሰጠውን ነው። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1893 ፓተንት ያገኘበትና በ1897 በተግባር ያሳየው ሞተር ብልጭታ አያስፈልገውም። አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው የሚፈጠረው ሙቀት ራሱ ነዳጁን ያነድደዋል። በዝቅተኛ ዙር ብዙ ጉልበት ስለሚሰጥ ለጭነትና ለዳገት ተመራጭ ሆኗል።

ሞተር ግን አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ የዚያን ያህል ያጣል። በፋብሪካ መጽሐፍ ላይ 130 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው እንጦጦ ላይ ወደ 100 መውረዱ አይቀርም። የስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 ፓተንት ያወጣበት ተርቦ በሚባክነው ጭስ ኃይል አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከዚህ ኪሳራ ብዙውን ይመልሳል። በመሆኑም ተርቦ ለደገኛ ገዢ ጌጥ ሳይሆን የጠፋውን ማስመለሻ ነው።

በሌላ በኩል የጥገናው ሒሳብ አለ። ላንድ ክሩዘር ላይ ከ1990 ጀምሮ የገባው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር 1ኤችዜድ ሞተር ተርቦ የለውም። ነዳጁን የሚረጨው በሜካኒካል ፖምፓ ነው። በዳገት ቢዘገይም ርቆ በሚገኝ ከተማ ይጠገናል። በ1997 ቦሽ በአነስተኛ መኪኖች ላይ ያዋለው «ኮመን ሬይል» ደግሞ ናፍጣውን እስከ 1,350 ባር በሚደርስ ግፊት ይረጫል። የአንድ አውቶሞቢል ጎማ ግፊት ከ2 ባር ብዙም አይበልጥም። ውጤቱ ንጹሕና ጉልበታም ሞተር ነው። በዚያ ግፊት ላይ ግን ውኃና ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ ኖዝሉን ያበላሻል። ከበርሜል እየቀዳ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ብር ከመቁጠር በፊት

መለየቱ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ሁለተኛ የማርሽ ዘንግ ወይም «4ኤች» እና «4ኤል» የሚል መምረጫ ካለ ሪዶታ አለ ማለት ነው። «ሎክ» የሚል ቁልፍ ብቻ ካለ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ዓይነት ነው። ጎንበስ ብሎ ሲታይ የፊት ጎማ ነጂ የሆነው መኪና ከሥሩ ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግና የኋላ ዲፈረንሻል ከሌለው፣ በጀርባው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ምንም ቢል በሁለት ጎማ የሚነዳ ነው።

የአንደኛው ዓይነት መኪና የሚሞከረው ጠጠር ላይ እንጂ አስፋልት ላይ አይደለም። ዘወትር በአራት ጎማ የሚሄደው ግን አስፋልት ላይ መሪው እስከ መጨረሻው ታጥፎ ቀስ ተብሎ ሲነዳ፣ ሳይቆለፍ ታንቆ የሚይዝ ከሆነ መካከለኛው ክፍል ተበላሽቷል። አራቱ ጎማዎች በመጠንም በእርጅናም መመሳሰል አለባቸው። ሁለቱን ብቻ አዲስ አድርጎ ያቀረበ ሻጭ ለገዢው መልካም የሠራ ቢመስልም፣ የጎማዎቹ የመጠን ልዩነት መካከለኛውን መያዣ ያለ ዕረፍት ሲያሠራው ይኖራል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ለይቶ የማወቅ ጥቅም ጨምሯል። በስሕተት የተገዛውን በቀላሉ በሌላ መተካት አይቻልምና።

የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ከጥያቄው አያመልጥም። በእርሱ ዘንድ መካከለኛ ዘንግም ሪዶታም የለም። አንድ ሞተር ከፊት፣ ሌላ ሞተር ከኋላ ተተክሎ በኮምፒዩተር ይስማማሉ። ሞተሩ ገና ከመነሻው ሙሉ ጉልበት ስለሚሰጥ ዝቅተኛ ማርሽ ብዙም አያሻውም። ነገር ግን እንደ ፎልክስዋገን አይዲ.4 ያለው መኪና በአንድ ሞተርም በሁለት ሞተርም ተሠርቶ በአንድ ስም ይሸጣል። ደላላው «ፎር ዊል ነው» ሲል ገዢው «ስንት ሞተር አለው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።