የኦንላይን ጨዋታ ሰርቨር ዝውውር

የኦንላይን ጨዋታ ሰርቨር ዝውውር ማለት ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱበትን ሰርቨር ከአንድ አስተናጋጅ ድርጅት ኮምፒዩተር ወደ ሌላ አስተናጋጅ ኮምፒዩተር ማዛወር ነው። ፋይሎቹን መገልበጥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ምሽት ሥራ አይበልጥም። የሚከብደው በየምሽቱ የሚገቡትን አዘውታሪ ተጫዋቾች ሳይበተኑ ይዞ መሄድ ነው፤ ተጫዋቹ የለመደው ኮምፒዩተሩን ሳይሆን አድራሻውን፣ በጨዋታው ውስጥ ያፈራውን ንብረትና እዚያ የሚያገኛቸውን ሰዎች ነውና። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ጥቂት ሰዎች ተከራይተው የሚያስተዳድሯቸውን እንደ ማይንክራፍትና ካውንተር-ስትራይክ ያሉ የማኅበረሰብ ሰርቨሮችን ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች ራሳቸው የሚያንቀሳቅሷቸው ጨዋታዎች አሠራራቸው ሌላ ነው።

የዝውውር ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት ገንዘብ ነው። አብዛኞቹ አስተናጋጆች ኪራይ የሚያስከፍሉት በዶላር ወይም በዩሮ ነው። ኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024) የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስታደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በወር 10 ዶላር የሚከፈልበት ሰርቨር 570 ብር ገደማ የነበረው ኪራዩ ከ1,000 ብር አለፈ ማለት ነው። ከአገር ውስጥ በውጭ ምንዛሪ መክፈል አስቸጋሪ በመሆኑ ክፍያውን በውጭ አገር የሚኖር ወንድም ወይም ጓደኛ በራሱ ካርድ የሚፈጽምበት ሁኔታም አለ። ያ ሰው ሥራ ሲበዛበት ወይም ሲሰለቸው ሰርቨሩ ካለ ማስጠንቀቂያ ሊዘጋ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ርቀት ነው። በፋይበር ኬብል ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ በተጫዋቹና በሰርቨሩ መካከል ያለ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር በደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ያህል መዘግየት ይጨምራል። ይህ የደርሶ መልስ ጊዜ በተጫዋቾች ዘንድ ፒንግ ይባላል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ ፒንጉ በፋይበር ኬብል ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም። ኬብሉ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፤ አንደኛው ዋና መስመር በየብስ እስከ ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ በቀይ ባሕርና በሜዲትራንያን ሥር ያልፋል። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ደጀን ላለ ተጫዋች ከአዲስ አበባ እስከ ደጀን ያለው መንገድ የሚጨምረው ጥቂት ሚሊሰከንዶችን ብቻ ነው፤ የሚጎዳው የሞባይል ኔትወርኩ መዋዠቅና ሰርቨሩ ያለበት አህጉር ነው።

ከዚህ አንድ የማይታለፍ ምርጫ ይመጣል። ሰርቨሩ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ሲዛወር ኢትዮጵያ ያሉት ይቀላቸዋል፤ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉት ግን ይዘገይባቸዋል። እንደ ማይንክራፍት ባለ የግንባታ ጨዋታ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። በተኩስ ጨዋታ ግን 100 ሚሊሰከንድ ቀድሞ በመተኮስና ቀድሞ በመሞት መካከል ያለ ልዩነት ነው። እነማን እንደሚጎዱ አስቀድሞ መንገር ከዝውውሩ በኋላ ከሚመጣው ቅሬታ ይሻላል።

አድራሻ

ሰርቨር በኢንተርኔት የሚገኘው በአይፒ አድራሻና በፖርት ቁጥር ነው። ካውንተር-ስትራይክ በተለምዶ 27015፣ የማይንክራፍት ጃቫ እትም ደግሞ 25565 ቁጥርን ይጠቀማል። አስተናጋጅ ሲለወጥ የአይፒ አድራሻውም ይለወጣል። ተጫዋቾቹ ቁጥሩን ብቻ ከያዙ፣ ዝውውሩን ያልሰማ ሁሉ የሚያየው «ሰርቨሩ አልተገኘም» የሚለውን መልእክት ነው። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ አይጠይቅም፤ ተዘጋ ብሎ ይተወዋል።

መፍትሔው ከመጀመሪያው የዶሜይን ስም መጠቀም ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ የሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ አስተዳዳሪው በዝውውሩ ቀን ስሙ የሚያመለክተውን ቁጥር ብቻ ይለውጣል። ነገር ግን ብዙ ኮምፒዩተሮች የድሮውን ቁጥር ለተወሰነ ጊዜ አስታውሰው ይይዛሉ። ይህ ጊዜ ቲቲኤል ይባላል፤ በሰከንድም ይለካል። ቲቲኤሉ 86,400 ከሆነ የድሮው ቁጥር ለአንድ ሙሉ ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አስተዳዳሪዎች ከዝውውሩ ሁለት ቀን አስቀድመው ወደ 300 ሰከንድ ያወርዱታል፤ ሥራው ሲያልቅ መልሰው ከፍ ያደርጉታል። በዝውውሩ ሰዓት ማውረድ ጥቅም የለውም፤ የድሮው መረጃ አስቀድሞ ተሰራጭቷል። የዶሜይኑ ስም በማን እንደተመዘገበም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ስሙ ኪራይ ሲከፍል በነበረውና አሁን በማይገኘው ሰው መለያ ሥር ከሆነ፣ ማኅበረሰቡ የራሱን በር ቁልፍ አልያዘም።

በስቲም በኩል የሚገኙ አንዳንድ ጨዋታዎች ሌላ መንገድ አላቸው። ቫልቭ ለሰርቨር ባለቤቶች የሚሰጠው የመለያ ቁልፍ ሰርቨሩን ከአይፒ አድራሻው ለይቶ ስለሚያሳውቀው፣ ቁልፉ አብሮ ከተዛወረ ተጫዋቾች በሚወዷቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ውስጥ ያስቀመጡት አዲሱን ቦታ ተከትሎ ይሄዳል።

አድራሻ ማጣት ምን ያህል እንደሚጎዳ ጌምስፓይ በተዘጋ ጊዜ ታይቷል። ድርጅቱ ባትልፊልድ 2ን ጨምሮ የብዙ ጨዋታዎችን የሰርቨር ዝርዝር ያቀርብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2014 አገልግሎቱን አቆመ። የሚያስተናግዱት ኮምፒዩተሮች አልጠፉም፤ የጠፋው ተጫዋቾች እነርሱን የሚያገኙበት መንገድ ነበር። በሕይወት የቀጠሉት ጨዋታዎች በአብዛኛው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ምትክ ዝርዝር ያበጁላቸው ናቸው።

ማንነትና ንብረት

አዲሱን አድራሻ ያገኘ ተጫዋች መጀመሪያ የሚያየው ዕቃው መኖሩን ነው። ሦስት ወር የሠራው ቤት ቆሞ ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ተመልሶ መምጣቱ ያጠራጥራል።

በማይንክራፍት የዓለሙ ፋይል፣ የየተጫዋቹ ንብረት፣ የተፈቀደላቸውና የታገዱ ሰዎች ዝርዝር በተለያዩ ፋይሎች ይቀመጣሉ። ማዕረግና የጨዋታ ገንዘብ ደግሞ በተጨማሪ ፕሮግራሞች የሚያዙ ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከዓለሙ ፋይል ውጭ ባለ ዳታቤዝ ውስጥ ነው የሚገኙት። ዓለሙን ብቻ ገልብጦ ዳታቤዙን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው።

ከዚህ የረቀቀም ችግር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ማይንክራፍት ተጫዋቹን የሚለየው በስሙ ሳይሆን ዩዩአይዲ በሚባል ረጅም መለያ ነው። ሰርቨሩ የተጫዋቹን መለያ ከኩባንያው የሚያረጋግጥ ከሆነ መለያው ከዚያ ይመጣል፤ የማያረጋግጥ ከሆነ ግን ሰርቨሩ ራሱ ከተጫዋቹ ስም አስልቶ ይፈጥረዋል። በአዲሱ ሰርቨር ላይ ይህ ቅንብር ከድሮው ከተለየ ሁሉም ሰው እንደ አዲስ ሰው ይቆጠራል። ፋይሎቹ በሙሉ ተገልብጠው ሳለ የማንም ንብረት አይገኝም። ጨዋታውን ሳይገዙ የሚጫወቱ ልጆች በበዙበት ሰርቨር ላይ አስተዳዳሪው ቅንብሩን ለመለወጥ ከፈለገ፣ ከዝውውሩ ጋር ሳይደርበው ለብቻው በሌላ ጊዜ ቢያደርገው ይመረጣል።

መጠባበቂያ ቅጂ ከድሮውም ከአዲሱም አስተናጋጅ ውጭ በሦስተኛ ቦታ መቀመጥ አለበት። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ስትራስቡርግ ከተማ የሚገኘው የኦቪኤች ኩባንያ የዳታ ማዕከል ሲቃጠል፣ ራስት የተባለው ጨዋታ በአውሮፓ የነበሩትን 25 ሰርቨሮች ከነመረጃቸው አጥቷል።

የዝውውሩ ሰዓት

ከአዲስ አበባ ወደ ደጀን የሚሄድ መንገደኛ በዓባይ በረሃ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ያያል። በጃፓን ርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪከፈት ድረስ መኪናው ሁሉ የሚያልፈው በአሮጌው ነበር። ሰርቨርም እንዲሁ ነው፤ አዲሱ በጥቂት ሰዎች ተሞክሮ እስኪረጋገጥ ድረስ የድሮው መሥራት አለበት። ልዩነቱ ሁለቱ ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ለሁሉም ክፍት መሆን አለመቻላቸው ነው። ግማሹ ሰው በድሮው፣ ግማሹ በአዲሱ ከገነባ ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ይፈጠራሉ፤ መልሶ ማዋሐድም በተግባር አይቻልም። ስለዚህ የድሮው ተቆልፎ የመጨረሻው ቅጂ ይወሰዳል፤ አዲሱ ይከፈታል፤ የድሮው ከዚያ በኋላ የሚያሳየው ማስታወቂያ ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የማይንክራፍት 1.20.5 እትም አንድ ሰርቨር የገባበትን ተጫዋች በቀጥታ ወደ ሌላ ሰርቨር እንዲያሻግር ያስችላል፤ ተቀባዩ ሰርቨር ግን በቅንብሩ እንዲቀበል መፈቀድ አለበት።

ማስታወቂያው ላይ ለኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «መስከረም 20 ከምሽቱ 3 ሰዓት» ብሎ በቴሌግራም መለጠፍ ለደጀኑ ልጅ ግልጽ ነው። ውጭ አገር ያደገው ግን ሴፕቴምበር 20 ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ በመካከሉ 10 ወይም 11 ቀን ይገባል። ሰዓቱም በስልኩ ላይ 9 ሰዓት እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ አንድ መስመር ብቻ ይፈጃል።

በዕለቱ ያልነበሩ

ብዙ አስተዳዳሪዎች ዝውውሩን አጋጣሚ አድርገው ለ30 ወይም ለ60 ቀን ያልገቡ ተጫዋቾችን ንብረት ይሰርዛሉ፤ ፋይሉ ያንሳል፣ ግልበጣውም ይፈጥናል። በኢትዮጵያ ይህ ደንብ ፍትሐዊ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023) በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ከደጀን ወይም ከደብረ ማርቆስ በስልክ ኢንተርኔት ይገባ የነበረ ተጫዋች ጨዋታውን የተወ ይመስላል እንጂ አልተወም። የቴሌግራሙን ማስታወቂያም አላየም። እንዲህ ያለው ሰው ኢንተርኔት ሲመለስለት መጀመሪያ የሚሞክረው ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ ላይ የቀረውን የድሮ አድራሻ ነው።

ለዚህ ሰው ሲባል ንብረቱን በተጨመቀ ፋይል ለብቻው ማቆየት ብዙ ቦታ አይወስድም። የድሮው አስተናጋጅ ርካሽ ጥቅል ካለውም ማስታወቂያ ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ሰርቨር ለተወሰኑ ወራት ማቆየት ይቻላል። ኪራዩ ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ አስተናጋጁ የአይፒ አድራሻውን ለሌላ ደንበኛ ስለሚሰጠው፣ የድሮውን ቁጥር ይዞ የሚመጣ ተጫዋች የማያውቃቸው ሰዎች ሰርቨር ውስጥ ሊገባ ይችላል።